አማቴ «የሚላጥ ነገር ምን ይታጠባል?» ይሉኛል

ጥያቄው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂዋ የሁለት ዓመት ልጅ አላት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ማንጎም ሆነ አቮካዶ ከመቁረጤ በፊት አጥባለሁ። አማቴ ግን አይወዱትም። ‹ልጣጩን ትጥይው የለ? በዚህ የውሃ ችግር የሚላጥ ነገር ምን ይታጠባል?› ይሉኛል። እውነትም ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለቴ ነው። ልጄን በቅርቡ ተቅማጥ ይዞት ስለነበር ፈርቻለሁ። ማጠቡ የግድ ነው ወይ? በምን ልጠበው? በሳሙና ነው በአቼቶ? እርስዎ ቁርጡን ይንገሩንና እኔና አማቴ እንታረቅ።»

እህቴ፣ አዎ፣ እጠቢ። ከመላጥሽም ከመቁረጥሽም በፊት። ልጣጩን የምትጥይው ቢሆንም። ይህን ስልሽ ግን አማትሽ የሚሉት ከመሬት የተነሣ ነው ማለቴ አይደለም። ግማሹ ልክ ነው።

ልጣጭ የፍሬው መከላከያ ነው። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተበሳ ማንጎ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። አማትሽ ያደጉት ምናልባት ከጓሮ ዛፍ በጥሰው እየበሉ ይሆናል። ያን ማንጎ የነካው ዝናብ፣ ነፋስና የራሳቸው እጅ ነው። ዛሬ ከገበያ የምናመጣው ማንጎ ግን ሌላ መንገድ ነው የመጣው። በዱላ ተመትቶ መሬት ወድቋል፤ መሬቱ ከብት የዋለበት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ማዳበሪያው ከዚያ በፊት ምን ይዞ እንደነበር ማን ያውቃል? አይሱዙ ላይ ተጭኗል። ገበያ ደርሶ መሬት በተነጠፈ ሸራ ላይ ፈሷል። ሻጯ እንዲያብረቀርቅ በጨርቅ ወልውላዋለች፤ ጨርቁ ከጠዋት ጀምሮ ያው ነው። እኔና አንቺ ደግሞ ስንገዛ በስሏል አልበሰለም እያልን ጨበጥ ጨበጥ እናደርገዋለን። ከእኛ በፊት የመጣው ገዢም እንዲሁ አድርጓል።

ይህ ሁሉ ልጣጩ ላይ ቀርቶ ቢጣል ኖሮ አማትሽ ሙሉ በሙሉ ልክ ይሆኑ ነበር። ችግሩ ቢላዋው ነው። ቢላዋ ልጣጩን ሳይነካ ውስጥ አይገባም። ሲገባ ደግሞ ልጣጩ ላይ ያገኘውን ይዞ ነው።

ለአማትሽ በቃል ከማስረዳት አሳዪያቸው። አንድ ማንጎ ውሰጂ። ከሰል ደቆስ አድርጊና ዱቄቱን በጣትሽ ጫፍ ልጣጩ ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ከዚያ በንጹሕ ቢላዋ ከላይ ወደ ታች ቁረጪው። የተቆረጠውን ፊት እዪ። ዳር ዳሩን ጥቁር መስመር ያዘዋል። ከመስመሩ ወደ ፍሬው የሚሄድ ግራጫ ጭረት አለ፤ ወደ መሐል ሲጠጋ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያው ቢላዋ ሁለተኛ ቁራጭ ስታወጪ እሱም ላይ ታገኚዋለሽ። አሁን ልጣጩን በእጅሽ ላጪ። አውራ ጣትሽ ጠቁሯል፤ ያው ጣት የተላጠውን ቢጫ ፍሬ ሲይዝ አሻራውን ትቶ ይነሣል።

ይህን የጁስ ቤት ልጆችን ስናሠለጥን ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንዱ ልጅ ጣቱን አየ፣ ቁራጩን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ከሰል ስለሚታይ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላል አይታዩም እንጂ የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው።

አንቺን በተለይ የሚመለከትሽ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ጤነኛ ጎልማሳን ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ነፍሰ ጡርን ግን ይበረታባታል። እሷ ቀለል ያለ ትኩሳት ብቻ ተሰምቷት ጽንሱን ሊያስወርዳት ወይም ሕፃኑ ታሞ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ አቮካዶ እየሰበሰበ መርምሮ ነበር። ከ361 የልጣጭ ናሙናዎች 64ቱ ላይ ይህ ባክቴሪያ ተገኘ። ውስጡን ብቻ ሲመረምሩ ግን ከ1,254ቱ የተገኘው 3ቱ ላይ ነው። ቁጥሩ የእነሱ ገበያ ነው፤ ከመራዊ በኩል ከቆጋ መስኖ ስለሚመጣልን አቮካዶ አይናገርም። ነገሩን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ያለው ውጭ ነው። ወደ ውስጥ የምናስገባው እኛ ነን።

አቮካዶ ደግሞ ልጣጩ ሸካራ ነው። በየጉድጓዱ አፈር ይይዛል። እኛ ስንበላው ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ግማሹን መዳፋችን ላይ አድርገን በማንኪያ እንፍቀዋለን፤ ማንኪያው ልጣጩን ጭምር እየላገ ይወጣል። ስለዚህ አቮካዶን በብሩሽ እሺው። አዲስ የጥርስ ብሩሽ ገዝተሽ ለዚህ ብቻ አስቀምጪ።

የሐብሐብም ነገር እንዲሁ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ የሚያድግ ፍሬ ነው፤ አፈር የነካው ጎኑ ቢጫ ሆኖ ይታያል። በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ ውስጥ የሐብሐብ ዘመድ የሆነው፣ ልጣጩ እንደ መረብ የተሸካከረው ሜሎን 147 ሰው አሳምሞ 33ቱን ገድሏል። ጥፋተኛው ያው ሊስቴሪያ ነበር። ያን ሜሎን ማንም ከነልጣጩ አልበላውም።

አሁን ወደ አስተጣጠቡ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ እንዴት ነው የምታስታጥቢው? ሳፋ አቅርበሽ «እጅዎን ይንከሩ» አትይም። ማስታጠቢያ ይዘሽ ከላይ ታፈሻለሽ፤ እንግዳው እጁን ያሻል፤ ቆሻሻው ውሃ ከሥር ይወርዳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው በእሱ እጣቢ አይታጠብም። አያቶቻችን ጀርም የሚባል ነገር ሳይሰሙ ይህን ያውቁ ነበር። ፍራፍሬንም እንደ እንግዳ እጅ እጠቢው። የሚፈስ ውሃ፣ ማሸት፣ ከሥር ይውረድ።

ሳፋ ውስጥ መንከር ምን እንደሚያደርግ አንድ ጁስ ቤት ለቁጥጥር ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት የተሞላች ሳፋ ናት። ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ይሄዳል። ውሃው የቡና ቅራሪ መስሏል፤ ላዩ ላይ የማንጎ ግንጣይና አንድ ዝንብ ይንሳፈፋሉ። ልጁ ማንጎውን ነከር ያደርጋል፤ አንዴ ያራግፈዋል፤ ይልጠዋል። «እናጥባለን» አለኝ። አልዋሸም። ግን የመጀመሪያው ማንጎ ይዞት የመጣው ነገር ለመጨረሻው ማንጎ ደርሷል። እንዲህ ከሚታጠብስ ባይታጠብ ይሻላል ብዬዋለሁ፤ አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

መንከር ሌላም ችግር አለው። ይህንን ባሕር ዳር ላለ ሰው ሁሉ ባሳውቅ ደስ ይለኛል። ማንጎ ፀሐይ ላይ ውሎ ሲመጣ ውስጡ ሞቋል። የሞቀ ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ሲኮማተር ከዛፉ በተቀነጠበበት ጫፍ በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ቆሻሻ ከሆነ ቆሻሻው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ብታሺ አይወጣም። በፈረንጆቹ 1999 ከብራዚል ወደ አሜሪካ የገባ ማንጎ 78 ሰው በሳልሞኔላ አሳምሞ ሁለት ሰው ሞቷል። ማንጎው የፍራፍሬ ዝንብን ለመግደል በሙቅ ውሃ ይነከር፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይበርድ ነበር። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከገበያ ስትመለሺ ማንጎውን ጥላ ላይ አሳርፊው። በርዶ የቤቱን ሙቀት ሲይዝ ታጥቢዋለሽ።

የውሃው ችግር ይገባኛል። ቤቴም ሮቶው ባዶ ሲሆን አውቀዋለሁ። ግን ፍራፍሬ ማጠብ ውሃ አይጨርስም። ለክቼዋለሁ፤ አምስት ማንጎ ለማጠብ አንድ ባለ ሁለት ሊትር ጆግ በቂ ነው። በትንሽ ውሃ አርጥቢው፤ መላውን ዙሪያውን በእጅሽ እሺው፤ ጫፉንና እንብርቱን አትርሺ፤ ከዚያ ከላይ አፍሺበት። አማትሽ ያፍስሱልሽ፣ አንቺ እሺ። በኮሮና ጊዜ በየደጁ የነበረው ቧንቧ ያለው ባልዲ የሆነ ቦታ ተጥሎ ካለ ደግሞ አውጪውና እጠቢው፤ ለዚህ ሥራ እሱን የሚያህል የለም። የወረደውን ውሃ በሳፋ ተቀብለሽ ሽንት ቤት ትደፊዋለሽ ወይም አበባ ታጠጪበታለሽ።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ማሸቱ ነው። የወስፋት እንቁላልን ውሰጂ። ሙጫ እንደተቀባ ነገር ይጣበቃል። ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም። ጣት ግን ያነሣዋል፤ ውሃ ይወስደዋል። በደንብ ታሽቶ የታጠበ ፍሬ ላይ ያለው ጀርም ከአሥር እጅ ዘጠኙ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሁሉም አይሄድም፤ ያንን ቃል አልገባልሽም። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ብታደርቂው ደግሞ ከቀረውም ይቀንሳል።

ውሃው የቱ ይሁን? ለልጅሽ ለመጠጥ የማትሰጪውን ውሃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ አታድርጊው። ሰንበት ያለ የጀሪካን ውሃ ከሆነ ለማሸቱ ተጠቀሚበት፤ ማለቅለቂያውን በፈላ ወይም በውሃ አጋር በታከመ ውሃ አድርጊው። የውሃ አጋሩን መጠን ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ለኪ፤ ከጨመርሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። የምታፈዪ ከሆነ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ አያሳስብሽ፤ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃል። ደጋ ያለ ዘመድ ካለሽ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ሦስት ደቂቃ በይው።

በሳሙና አትጠቢ። በላርጎም፣ በኦሞም። የፍራፍሬ ልጣጭ ቀዳዳ አለው፤ ሳሙናውን ይዞ ያስቀራል፤ ሳሙና ሲበላ ደግሞ ራሱ ሆድ ያውካል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ሳሙናው ለእጅሽ ነው። ፍራፍሬውን ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ሃያ ሴኮንድ ታጠቢ። በረኪና ፍራፍሬ ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባክሽ እንዳታደርጊው። አቼቶ ጀርም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለሰላጣ ቅጠል ብታደርጊው አልቃወምም። ለሚላጥ ፍሬ ግን ብሩሽና የሚፈስ ውሃ ይበቃል፤ ብርሽን አታባክኚ። ጨውና ሎሚ ጀርም ይገድላል ተብሎ የሚታመን ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው ደግሞ ከገበያ እንደመጣ ሁሉንም አጥቦ ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል። ትጋቱ ጥሩ ነበር። ግን እርጥብ ፍሬ ቶሎ ይሻግታል። ልትበይው ስትይ ነው የሚታጠበው።

በነገራችን ላይ ማንጎው ላይ የሚታየውን ነጭ ነጠብጣብ ሻጋታ መስሏቸው የሚጥሉ አሉ። ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ሳይሆን በጣም ትንሽ ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 2010 ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ከዚያ ተስፋፋ። ገበሬውን ክፉኛ ጎድቶታል። የሚበላውን ሰው ግን አይጎዳም፤ አሽተሽ ስታጥቢው ይለቃል።

ማንጎን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች እንዴት እንደሚበሉት ታውቂያለሽ። በእጃቸው ያሹታል፣ ያለሰልሱታል፣ ጫፉን በጥርሳቸው ይነክሱና ይመጥጡታል። እዚህ ላይ ቢላዋም የለም፤ ልጣጩ በቀጥታ አፍ ውስጥ ነው። «የሚላጥ ነው» የሚለው ክርክር ለዚህ ማንጎ ጭራሽ አይሠራም። የልጅሽን ማንጎ ካጠብሽ በኋላ ብቻ ስጪው። ሙዝም ጫፉን በጥርሱ የሚከፍት ልጅ ካለ እንዲሁ። ለአንቺ ሙዝ በእጅ የሚላጥ ስለሆነ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ግን ልጣጩን በያዝሽበት ጣት ሙዙን ቆርሰሽ ለልጅሽ ታጎርሺ የለ? ለቅለቅ አድርጊው። ብርቱካንም እንደዚያው። ሎሚ ሻይ ውስጥ ከነልጣጩ ቆርጠሽ የምትጨምሪ ከሆነ በደንብ ይታሽ። ዘይቱን ከነልጣጩ ስለሚበላ ለእሱ ክርክር የለውም። ጊሽጣ ከበሰለ ስለሚፈርጥ ማሸት አይቻልም፤ ቀስ ብለሽ ውሃ አፍሺበትና በእጅ ክፈቺው። የተሰነጠቀ ወይም የተበሳ ፍሬ ከሆነ ማጠቡ አያድነውም። ትንሽ ጠባሳ ብቻ ከሆነ ዙሪያውን ሰፋ አድርገሽ ቁረጪና ጣይ።

ቢላዋውና መክተፊያው ንጹሕ ካልሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። በዓል ማግስት ዶሮ በተበለተበት መክተፊያ ላይ ፓፓያ መቁረጥ ካልታጠበ ልጣጭ እጅግ የከፋ ነው። ከተቻለ ለፍራፍሬ ለብቻው ትንሽ መክተፊያ ይኑርሽ።

ከተቆረጠ በኋላ ሰዓት ይቆጠራል። ሎሚና ብርቱካን ጎምዛዛ ስለሆኑ ጀርም እንደልቡ አይራባባቸውም። ፓፓያ፣ ሐብሐብና አቮካዶ ግን ጉምዝዝ የማይሉ፣ ውሃ የሞላባቸው ናቸው፤ ለጀርም ምቹ ሜዳ ናቸው። ከተቆረጡ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆዩ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። የሚያዝያን ሙቀት ታውቂዋለሽ። መብራት ጠፍቶ የዋለ ፍሪጅ ደግሞ ቁምሳጥን ነው። ስለዚህ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቁረጪ። እስክትወልጂ ድረስም ጋሪ ላይ ተቆርጦ በላስቲክ የተሸፈነ ሐብሐብ አትግዢ። ሙሉውን ግዢ፣ አጥበሽ ቤትሽ ቁረጪ፤ ከበዛ ለጎረቤት ይሰጣል።

ስለ ጣናም ልበል። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሄዱ ዘይቱኑን ሐይቁ ውስጥ ነከር አድርገው የሚበሉ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ጣና ሰፊ ነው፣ ያማረ ነው፤ ግን ከብት ይጠጣበታል፣ ይታጠቡበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል። ለፍራፍሬ ማጠቢያ አይሆንም። ቢልሃርዚያም አለበት፤ እሱ ደግሞ በምግብ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው፤ በተለይ ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ቄጤማ ባለው ዳርቻ። ስለዚህ ዘይቱኑን ለማጠብ እጅን ዳርቻው ውስጥ መንከር ሁለት አደጋ ነው። ከቤት አጥበሽ በንጹሕ ዕቃ ይዘሽ ሂጂ።

የልጅሽን ተቅማጥ በተመለከተ፣ ፍራፍሬው ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ውሃው፣ ጡጦው፣ መሬት ላይ የወደቀ መጫወቻ ሊሆን ይችላል። አማትሽንም አንቺንም ጥፋተኛ የሚያደርግ ነገር የለም። ተቅማጡ ከተመለሰ ኦ.አር.ኤስ. በየጊዜው በማንኪያ ስጪው፤ ዚንክም ከጤና ጣቢያ ይሰጥሻል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ መጠጣት እምቢ ካለ፣ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ። አንቺም ትኩሳት ከተሰማሽ «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትተኚ፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ነግረሽ ታዪ።